ራስ የሌላት ዶሮ

ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን እንደነበረ የነገረኝ ሽታው ነው። የማሽላ ብናኝና የአሮጌ ጆንያ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም ነበር። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ከጣሪያው ሥር ያለችውን ቀዳዳ፣ ከዚያም በቀዳዳዋ ብርሃን ውስጥ የሚንሳፈፈውን አቧራ ነው። ሴትዮዋን ያየኋት ስትናገር ነው።

«ጫማ አውልቅ። እዚህ ይሰገዳል።»

«አውልቅ» ያለችው እኔን፣ ሴቲቱን ነው። የሂርና ጫት ነጋዴ ናት፤ በዕድሜ እናቴን ታህላለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፣ ትልቅና ትንሽ አይለይም። ዘበኛውንም፣ መርማሪውንም፣ እኔንም «አንተ» ነበር የምትለን። እኔ በኦሮምኛ፣ እናት እንደማለት፣ «አዴ» አልኳት፤ ስሟን አልጠየቅኋት። ስም መጠየቅ እዚያ ቤት ውስጥ ጥሩ አይደለም። የተጠየቀ ሰው ለምን እንደተጠየቀ ያስባል።

የወሰዱኝ ጭሮ ውስጥ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ነው። የሠርግ ጥሪ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት የምንሠራ ትንሽ ቤት ነበርን። ሁለት ሰዎች ሲገቡ ደንበኛ መስለውኝ «ምን ልታዘዝ?» አልኳቸው። አንደኛው ከስልኩ ላይ አንድ ሥዕል አሳየኝ።

«ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ» አልኩ። ኩራት ብጤም ተሰምቶኝ ነበር። ተመሳሳይ ነገር ሊያዙ የመጡ መስሎኝ ዋጋውን ልነግራቸው አፌን ስከፍት «ቦርሳሽን ያዢ» አለኝ።

ሥዕሉ የአንድ የሙዚቃ አልበም ሽፋን ነው። የከተማችን ወጣቶች ናቸው፤ በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጮኸውን፣ ሮክ የሚሉትን ይጫወታሉ። አልበማቸውን በከተማችን ስም «ጭሮ» ብለው ሰየሙት። ሙዚቃውን አልሰማሁትም። ሙዚቃ አልሰማም፤ ይህ የእኔና የጌታዬ ጉዳይ ነው። ሽፋን መሥራት ግን እንጀራዬ ስለሆነ ተቀበልኩ። ከመቀበሌ በፊት ልጆቹ የውጭ አልበሞችን ሽፋን በስልካቸው ደርድረው አሳዩኝ።

እኔ የለመድኩት ፊደል እንዲነበብ ነው። በሠርግ ጥሪ ላይ የሙሽራው ስም ካልተነበበ የሚሰደበው ማተሚያ ቤቱ ነው። እነዚህ ሽፋኖች ግን በፊደሉ ላይ እሾህ አብቅለው፣ ሥር አውርደው፣ ግራና ቀኙን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ አመሳስለው፣ ስም መሆኑ እስኪጠፋ ድረስ ያጠላልፉታል። አንዱ ሽፋን ጭራሽ በጥቁር ላይ ጥቁር ነበር፤ ስልኩን ካላዘነበሉት ጽሑፉ አይታይም። «ሙዚቃው በከበደ ቁጥር ፊደሉ አይነበብም» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን ገባኝ። ፊደሉ ስም መንገሪያ ሳይሆን በር ነው፤ አንኳኩቶ መግባት የለመደ ይገባበታል፣ ያልለመደ ያልፈዋል። ደግሞም የላቲኑን ፊደል እሾህ ለማድረግ ማስገደድ ያስፈልጋል። የእኛ ፊደል እግሩንም ክንዱንም ይዞ ነው የተወለደው። «ጭ» ብቻዋን ቆማ ለመሮጥ የተዘጋጀች ነው የምትመስለው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከዚያ ነው። ክፉ የእጅ ጽሑፍ ሲያዩ «ዶሮ የጫረው» ይባል የለ? የከተማችን ስም ደግሞ ጭሮ ነው። ስለዚህ አንዲት ዶሮ መሬት ስትጭር፣ የጫረችው ሁሉ ፊደል ሆኖ ሲወጣ ሳልኩ። መሬቱን እንደ ሚኤሶ አፈር አቀላሁት፤ ሰማዩን ጥቁር አደረግሁት። ለዶሮዋ ራስ አልሠራሁላትም። ራስ የሌለው ምስል፣ ምስል አይባልም ተብዬ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ነፍስ ያለው ነገር ስሥል አንገቱ ላይ አቆማለሁ። ልጆቹ በጣም ወደዱት። «ያስፈራል!» አሉ። ለእነሱ ምስጋና ነው።

ፊደሉን ግን እኔ አልጻፍኩትም። የጻፈው በጭነት መኪኖች ላይ ጥቅስ የሚጽፍ አንድ የሰፈራችን ሰው ነው። በአዳር መንገድ ከሚከንፉት የጫት መኪኖች ግማሹ የእሱን እጅ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። የእሾህ ፊደሉን እንዳየ «ይሄማ የኔ ነው፣ እነሱ ከየት ወሰዱብኝ?» ብሎ ቀልዶ በብሩሽ ጻፈው፤ እኔ ወደ ኮምፒውተር አስገባሁት። በሽፋኑ ላይ ስሙ አልሰፈረም። እኔ በተያዝኩበት ሰሞን ሚስቱ አራስ ነበረች። ከእኔ የሚፈልጉት እሱን መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ነው፤ ያወቅሁትም በመጀመሪያ ከሴትዮዋ አፍ ነው።

ሱብሂ ሰግደን እንደጨረስን ወደ እኔ ተጠጋች።

«ያን ዶሮ የሠራህ አንተ ነህ?»

«የቱን ዶሮ፣ አዴ?»

«መናኸሪያ ግድግዳ ላይ የለጠፉት። ራስ የሌለው።» እጇን አንገቷ ላይ አሳለፈች። «ማንበብ አላውቅም። ግን ያ ጽሑፍ፣ ያ እጅ፣ እኔ ጫት የምጭንበት መኪና ላይ ያለው እጅ ነው። እሱ ነው አይደል?»

«ማን?»

«እሱ ነዋ!»

ጀርባዬን ሰጥቻት ተስቢሄን መቁጠር ጀመርኩ። የቆጠርኩት ግን ሌላ ነገር ነበር። በኬላ ላይ ከመኪና ጋር እንደተያዘች ነግራኛለች፤ ታዲያ ሹፌሩ ተለቆ እሷ ለምን ቀረች? ዘበኛው ለእሷ ሻይ ያቀብላታል፤ ለእኔ አላቀበለኝም። ሻሿ ንጹሕ ነው። ለጫት ነጋዴ ከጫት ጋር ሳይገናኙ መዋል እንዲህ ይቀላል? እኩለ ቀን ላይ ሀራራው ሲይዛት፣ ስታዛጋና ዓይኗ እንባ ሲያቀር ሳይ ደግሞ እውነቷን ነው አልኩ። ወዲያው፣ ማዛጋት ማንም ይችላል አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ያካፈለችኝን ቂጣ እንኳ እሷ መጀመሪያ እስክትቀምሰው ጠብቄ ነበር የበላሁት።

መርማሪው ትሑት ሰው ነበር። ከዚህ ሥራ በፊት አማርኛ አስተማሪ እንደነበረ ራሱ ነገረኝ፤ ባይነግረኝም አነጋገሩ ያሳብቅበታል። ሽፋኑን በትልቁ አሳትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

«እህቴ፣ ነይ አብረን እናንብበው» አለኝ። «ራሷ የታለ?»

«የለም።»

«ማን ቆረጠው?»

«ማንም አልቆረጠውም። ከመጀመሪያውም አልሣልኩትም።»

«ራስ ማለት መሪ ነው። ራስ የሌላት ዶሮ ሣልሽ። ምን ማለትሽ ነው?»

«ፊት ያለው ነገር አልስልም። በሃይማኖቴ እንዲያ ነው የተማርኩት።»

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

ቁርኣን ያቀሩኝ ሰው ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ መልስ አንድ ሰው ይጠራ ነበር።

«ይሁን» አለ፣ አልገፋበትም። ጣቱን ወደ ፊደሉ ወሰደ። «ጭሮ። እሳት ጭሮ ነው? ነገር ጭሮ ነው? ወይስ ጠብ ጭሮ?»

«የከተማው ስም ነው።»

«የከተማው ስም በር ላይ ባለው ታፔላም ተጽፏል። እዚያ ግን ዶሮ የለችም። አንቺ የምትጭር ዶሮ ስላመጣሽ ስሙን ግስ አደረግሽው። ግስ ከሆነ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ጭሮ ምን አደረገ? ማሰሪያ አንቀጹ የታለ?»

«የለውም።»

«ግድ የለም» አለና ፈገግ አለ። «ማሰሪያ እኛ ጋ ሞልቷል።»

ዘበኛው ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሰውየው ትክክል ነው። ዶሮዋ ስሙን ግስ አድርጋዋለች፤ እኔ እንደ ጨዋታ ያየሁትን እሱ እንደ ሰዋስው አየው። ሥዕሌን እንዲህ ደክሞ ያነበበልኝ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ይህ ነበር ይበልጥ ያስፈራኝ። እሱ ሲያነብ እኔም ከጎኑ ሆኜ ሥዕሌን መጠርጠር ጀመርኩ። ሰማዩን ለምን ጥቁር አደረግሁት? መሬቱ አፈር ነው ወይስ ፍም?

«ለምንድን ነው የማይነበበው?»

«በዚህ ሙዚቃ ልማዱ ነው። እንዲነበብ አይደለም የሚጻፈው፤ ለሚያውቁት ነው።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሱም «ለሚያውቁት» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። እውነቱን ነው የተናገርኩት፤ እውነቱ ግን ከማንኛውም ውሸት የባሰ ይመስል ነበር።

«ካራዋስ?» አለኝ ቆየት ብሎ።

«የምን ካራ?»

«ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ ይባል የለ እንዴ? ያገሬ ሰው ዶሮ ስትጭር ካየ ካራ ይፈልጋል። ደብቃችኋታል ማለት ነው።» ወረቀቱን አቃናው፣ አዞረው፣ ገለበጠው። በመጨረሻ የ«ሮ»ን እግር አገኘ፤ ጸሐፊው ወደ ጎን ስቦ፣ ስቦ አሹሎት ነበር። «ይኸውላት!» አለ። እንደ ልጅ ደስ አለው።

ከዚያ ደስታው ቀስ ብሎ ከፊቱ ጠፋ። ጣቱን ከፊደሉ ወደ ዶሮዋ፣ ከዶሮዋ ወደ ፊደሉ መለሰ።

«ይህን መስመር የሣለው እጅ ይጠነቀቃል። ይህን የጻፈው እጅ አይጠነቀቅም። ሁለት ሰዎች ናችሁ።»

ዓይኔን ወደ ራሴ መስመር መለስኩ።

«ሁለተኛው ማን ነው?»

ይህን ሲለኝ መብራት ሄደ። መስኮቱ በካርቶን ተደፍኖ ስለነበር ክፍሉ ጨለመ። «ጠረጴዛውን ውጭ አውጡት» አለ መርማሪው። ግቢው ውስጥ ግራር ሥር አስቀመጡት። እሱ ጀርባውን ለግቢው ሰጥቶ ተቀመጠ፤ እኔን ፊት ለፊቱ አስቀመጠኝ። ቀና ስል፣ ከእሱ ትከሻ በላይ፣ በኬላ የተያዘ አይሱዙ ቆሟል። በኋለኛው ስፖንዳ፣ በጭነቱ መዝጊያ ላይ፣ በቀይና በነጭ፣ ፊደሉ እሾህ፣ እግሩ የተሳለ፣ «ማን ያውቃል» ተብሎ ተጽፏል።

ያው እጅ ነው። ዕውር ካልሆነ በቀር ማንም ያውቀዋል።

ፊደል በፊደል ሲያነብ የዋለው ሰው ዘወር ቢል አበቃ። የመኪናውን ባለቤት «ማን ጻፈልህ?» ማለት ብቻ ነው የሚቀረው። ከዚያ የአራሷ ቤት ይንኳኳል። እኔ ስፖንዳውን እንዳላይ ዓይኔን እሱ ላይ ተከልኩ። ፊቱን ትኩር ብዬ ማየት ልማዴ አይደለም፤ ወንድ ሳናግር ዓይኔን እሰብራለሁ። ተገርሞ «ምን ታይኛለሽ?» አለኝ።

«እየሰማሁዎት ነው።»

ያ ሰዓት ሴቶች ልብስ የምናጥብበት ነበርና ሴትዮዋን አወጧት። ባልዲዋን ይዛ በአጠገባችን አለፈች፤ ጠረጴዛውን አየች፣ ሽፋኑን አየች፣ እኔን አየች። ቆመች። አሁን ትናገራለች አልኩ። አልተናገረችም፤ ወደ ቧንቧው ሄደች። ጥቂት ቆይታ ትልቁን ነጠላዋን ጨምቃ መጣችና የመኪናው ስፖንዳ ላይ፣ በጽሑፉ ላይ አሰጣችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎትታ አስተካከለችው።

ዘበኛው «ምን ታደርጊያለሽ? ገመድ አለ እኮ!» ብሎ ጮኸ።

መርማሪው ዞረ።

«ገመድ ጥላ ነው» አለች፣ ወገቧን ይዛ። «ፀሐይ እዚህ ነው። አንተ ሚስት የለህም? ልብስ የት ይደርቃል፣ አታውቅም?»

ዘበኛው አፈረ። መርማሪው ከእርጥቡ ነጠላ የሚንጠባጠበውን ውሃ ለአፍታ አየና ወደ እኔ ተመለሰ። ብዕሩን ገፋልኝ።

«የአንቺ እጅ ከሆነ ጻፊው። ልክ እንደዚህ።»

«በሽፋኑ ላይ ላለው ሁሉ ኃላፊዋ እኔ ነኝ።»

«ኃላፊነት መች ጠየቅኩሽ? የጠየቅኩሽ እጅ ነው።»

ብዕሩን አነሳሁ። እሾህ ልሞክር እችል ነበር፤ ሲጽፍ አይቻለሁ። ግን ያ እጄ አይደለም፤ የእኔ ነው ብዬ ማቅረብ ውሸት ነው። «ጭሮ» ብዬ በሠርግ ጥሪ ላይ በምጽፍበት ክብ ፊደል ጻፍኩ። አየው።

«ይህ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ጥሩ። አንቺ ሃይማኖተኛ ነሽ፤ የማስምልሽ በዚህ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጸሐፊውን አላውቀውም ብለሽ በአላህ ማይልኝ። አንዴ ማይ፤ አምንሻለሁ። ዛሬውኑ ከቤትሽ ትገቢያለሽ።»

በመንገዱ ላይ ወደ ገለምሶ የሚሄድ ሚኒባስ ረዳት ይጣራ ነበር። ያን ድምፅ ስሰማ በዚያ መንገድ ካለው እናቴ ቤት እንዴት እንደምገባ፣ ጫማዬን የት እንደማወልቅ ሳይቀር ታየኝ። አንድ መሐላ ነው። ለሰው ነፍስ ብላ ማለች ይባልልኝ ይሆናል፤ የሚፈቅድ ዓሊም አይጠፋም። ግን የሰጠኝ በር እሱ የቀረጸው በር ነበር። በዚያ ከገባሁ በኋላ የእኔ ቃል ከእንግዲህ የእሱ ዕቃ ነው። ዝም ልል ደግሞ እችል ነበር፤ ዝምታዬን ግን እሱ እንደፈለገ ያነበዋል። ሲያነብ አይቼዋለሁ።

«አልምልም» አልኩት። «አላውቅምም አልልም። አውቀዋለሁ። አልናገርም።»

ብዕሩን ከፊቴ መለሰ። ዘበኛው ወደ እሱ አየ።

«ይኸው» አለ መርማሪው በመጨረሻ፣ ለራሱ ይሁን ለእኔ አላውቅም። «ማሰሪያ አንቀጽ ማለት ይህ ነው።» ወረቀቱን ጠቀለለው። «መልሷት።»

ተቆጥቶ ይሁን አክብሮኝ ፊቱ አልነገረኝም። ዋጋው ግን ወዲያው ታወቀ፤ እናቴ የምትልከው ምግብ ተከለከለ፣ መጠየቅም ቀረ። ክረምቱ ወጥቶ፣ የጭሮ ተራራ ጉም ለብሶ ገፎ ነው የለቀቁኝ። ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም።

ያን ከሰዓት ክፍላችን ስመለስ ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ገና እርጥብ ነበር።

«አዴ፣ ለምን እዚያ አሰጡት?» አልኳት።

«ፀሐይ ነው አልኩ እኮ።»

«ሌላ ምክንያት የለውም?»

«ኢንታላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «አንተ ብዙ ታስባለህ።» ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝ። ልበላ ስል ጎንበስ አለችና በጆሮዬ «ታዲያ ሰውዬው ማን ነው?» አለችኝ።

አልመለስኩላትም። በማግስቱ ጠርተው ወሰዷት፤ ተለቃ ይሁን ተዛውራ አልሰማሁም። መኪናውም የዚያኑ ቀን ከግቢው ወጣ።

አሁን የምኖረው በረዶ በሚጥልበት ሩቅ ከተማ ነው። እዚህም የምሠራው ፊደል ነው፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት። መነበብ አለበት፤ ደስ ይለኛል። ጸሐፊውም ዛሬ ማንም የማይደርስበት ቦታ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ይህን ቃል አልጽፍም ነበር።

አልበሙ ግን ከእኛ ይልቅ ዞሯል። በቅርቡ አንድ ወጣት ስለ ሽፋኑ በኢንተርኔት ረጅም ሐተታ ጽፎ ላከልኝ። ዶሮዋ መሪ ያጣ ሕዝብ ናት ይላል፤ «ሮ»ን ደግሞ ካራ ነው ይላል፤ ስሙ ግስ መሆኑንም አግኝቶታል። ሐሳብ በሐሳብ የመርማሪው ንባብ ነው፤ አንዱ ሊያስረኝ፣ አንዱ ሊያመሰግነኝ ብቻ ነው የሚለያዩት። ልጁ ከልቡ ነው የጻፈው። እኔ ግን ከማመስገኔ በፊት ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን አድራሻዬን እንደሰጠው ሳጣራ ሰነበትኩ። ስታሰር አብሮኝ የገባው ጥርጣሬ ስፈታ አብሮኝ አልወጣም።

ሴትዮዋን አስባለሁ። አንዳንድ ቀን ጆሮ ነበረች እላለሁ፤ ለመስማት የተቀመጠች። ጥያቄዋን አልተወችም፣ እስከ መጨረሻ። ሌላ ቀን ደግሞ ጠያቂ ብቻ ነበረች፣ እንደ ማንኛዋም የገበያ ሴት ነገርን ሳትጨርስ መተው የማይሆንላት እላለሁ። ምናልባትም ሁለቱም ነበረች፤ ጆሮዋን ለእነሱ ሰጥታ እጇን ለእኔ ያስቀረች። ከመግሪብ በኋላ ዱዓ ሳደርግ አልረሳትም። ስሟን ስለማላውቅ «ያቺ ሴት» እላለሁ። የትኛዋን ማለቴ እንደሆነ አላህ ያውቃል።